«ይቁሙ» ለማለት ጊዜ የለም

በወር አንዴ፣ ማክሰኞ ማታ፣ ቀለህ እለቅማለሁ። እንዲህ ስል ሰው አይገባውም። ስለዚህ «የተኩስ ውድድር አዘጋጃለሁ» እላለሁ። ያኔ ደግሞ ዓይኑ ይፈጣል። አንዱ ፊልም ላይ ያየው ነገር ይመጣበታል። ሌላው አገር ቤት ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይት ትዝ ይለዋል። እናቴ እስካሁን አታውቅም። «ማታ ስፖርት አለኝ» ብያታለሁ። ውሸትም አይደል።

ቦታው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ከመንገድ ሲያዩት የጎማ መሸጫ የሚመስል ሕንፃ ነው። ውስጡ አሥር የመተኮሻ መስመር ያለው ረጅም የኮንክሪት ክፍል አለ። ጫፉ ላይ አረሩን የሚውጥ የተከተፈ ጎማ ተቆልሏል። ቀን ቀን ሰው እየከፈለ ቆሞ ይተኩስበታል። በዚያች ማክሰኞ ግን ባለቤቱ ክፍሉን ለእኛ ይለቅልናል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት። በሀበሻ ሰዓት ማለቴ ነው፤ ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬም ማታን በሌላ መቁጠር አልሆነልኝም።

እዚህ ነገር ውስጥ የከተተኝ ሥራ ነው። እንደመጣሁ ጥበቃ ተቀጠርኩ። ሽጉጥ የሚያስታጥቀው ጥበቃ ደመወዙ ሻል ይላል። ለሱ ግን ሥልጠና አለ፤ በየዓመቱም ፈተና አለ። አንድ ጊዜ ለፈተናው መጥቼ ተራ ስጠብቅ፣ በመስታወቱ በኩል ሰዎች እየተንቀሳቀሱ ሲተኩሱ አየሁ። እኔ የማውቀው ተኩስ ቆሞ፣ ትንፋሽ ይዞ፣ አንድ ወረቀት ላይ ነው። እነዚህ ከከለላ ጀርባ ብቅ ይላሉ፣ ይንበረከካሉ፣ እየሄዱ የሽጉጣቸውን የጥይት ካዝና ይቀይራሉ። ከኋላቸው ደግሞ አንድ ሰው ትንሽ ሳጥን ይዞ እንደ ጥላ ይከተላቸዋል። ያ ጥላ ዛሬ እኔ ነኝ።

ጨዋታው ፕራክቲካል ሹቲንግ ይባላል። ዓለም አቀፉ ማኅበር አይፒኤስሲ እ.ኤ.አ. በ1976 ሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ ነው የተመሠረተው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄፍ ኩፐር ነበር። የአሜሪካው ክንፍ ዩኤስፒኤስኤ ይባላል፤ እኛ የምንሠራው በሱ ደንብ ነው። መፈክሩ ሦስት የላቲን ቃል ነው፦ ዲሊጀንቲያ፣ ቪስ፣ ሴለሪታስ። ትክክለኛነት፣ ጉልበት፣ ፍጥነት። ጉልበቱ የጥይቱ ነው፤ እሱን ተዉት። ጣጣው ያለው በቀሩት በሁለቱ መሃል ነው።

ነጥቡ የሚያዘው እንዲህ ነው። ዒላማው ካርቶን ነው፤ ላዩ ላይ በብርሃን ሲታይ ብቻ የሚለይ መስመር አለ። መሃሉ ኤ ነው፤ 5 ነጥብ። ከሱ ወጣ ያለው ሲ ነው፤ እንደ እኛ 9 ሚሊ ለሚተኩስ 3 ነጥብ። ዳር ያለው ዲ 1 ነጥብ ብቻ። የሳተ 10 ይቀነስበታል። ከዚያ የተገኘው ነጥብ በፈጀው ሰከንድ ይካፈላል። ውጤቱ ያ ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። ዘጠኝ ካርቶን፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ጥይት። 18 ጥይት፣ ቢበዛ 90 ነጥብ። አንዱ ሁሉንም መሃል አስገብቶ በ20 ሰከንድ ይጨርሳል፤ 4.5። ሌላው አሥሩን መሃል፣ ስምንቱን ሲ ላይ አስገብቶ 74 ነጥብ ይይዛል። ግን በ14.8 ሰከንድ ነው የጨረሰው፤ 5 ሞላ። አሸነፈ። አሁን ይሄው ፈጣኑ ሰው መሃል ከገቡት አንዷን ብቻ ስቷት ቢሆን ኖሮስ? 5 ነጥቧ ትሄዳለች፣ 10 ይቀነሳል፣ 59 ይቀረዋል። ወደ 4 ይወርዳል። ተሸነፈ። አንዲት ጥይት ናት። እሷን ሲያስብ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የእኔም ይንቀጠቀጣል።

ይህን ጨዋታ አብዛኛው ሰው የሚጫወተው ሜዳ ላይ ነው። ሰፊ ቦታ፣ ከኋላ የአፈር ክምር፣ ከላይ ሰማይ። ቤት ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል።

መጀመሪያ አረሩ። ሜዳ ላይ አረር መሬት ቢመታ አፈር ነው። እዚህ መሬቱ ኮንክሪት ነው፣ ጣሪያው ላይም መብራትና ቱቦ አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥይት ካርቶኑን በስቶ ሲወጣ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ የጎማው ክምር። ይህን የማረጋግጠው በሲባጎ ነው። አትሳቁ። አንድ ሰው ተኳሹ የሚቆምበት ላይ ቆሞ የሲባጎውን ጫፍ ዓይኑ አጠገብ ይይዛል። እኔ ሌላውን ጫፍ ይዤ በካርቶኑ መሃል በኩል እወጥረውና እስከ ክምሩ እሄዳለሁ። ሲባጎው ጎማውን ሳይነካ መሬት ከነካ ካርቶኑ ይነሳል። ከተወዳዳሪዎቻችን አንዱ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ነው። አንዷ ደግሞ ከወንድ ልጄ ታጥራለች፤ እሱ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ለሁለቱም እለካለሁ። ረጅሙ ሰው ቅርብ ያለ ዝቅተኛ ካርቶን ላይ ሲተኩስ አረሩ ቁልቁል ይወርድና ወለሉን ይመታል። ወረቀት ላይ ቆንጆ የነበረ ስንት ዕቅድ በዚህ ሲባጎ ፈርሷል። ብረት ዒላማ ጭራሽ አናስገባም። ደንቡ ራሱ ሜዳ ላይ ከ7 ሜትር በታች አያስጠጋም፤ በዚህ ጠባብ ክፍል የሚፈናጠረውን የእርሳስ ፍንጣሪ ማንም አይፈልገውም።

ከዚያ አየሩ። ጥይት ሲተኮስ ባሩድ ብቻ አይደለም የሚጨሰው። እርሳስም ይተናል፣ ከአረሩም ከማቀጣጠያውም። ስለዚህ ክፍሉ ከተኳሹ ጀርባ ንጹሕ አየር እየነፋ ጭሱን ወደ ፊት መግፋት አለበት። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም የሚመክረው የአየር ፍጥነት በደቂቃ ወደ 23 ሜትር ገደማ ነው። ፀጉር እንኳ በደንብ አያነቃንቅም፤ ግን ይበቃል፣ ካልከለከሉት። እኛ ደግሞ እንከለክለዋለን! ውድድር ነውና ግድግዳ እናቆማለን፣ በርሜል እናስቀምጣለን። አየሩ ግድግዳው ላይ ሲደርስ ተሽከርክሮ ይመለሳል። በመጀመሪያው ዓመት ድፍን የፕላስቲክ ግድግዳ ሠራን። ከአምስት ሰው በኋላ ጭሱ ግድግዳው ጀርባ ተኝቶ ቀረ፤ አፌ ውስጥ የሳንቲም ጣዕም መጣ። በማግስቱ ግድግዳውን በሙሉ በመረብ ቀየርነው። መረብ ለዓይን ግድግዳ ነው፣ ለአየር ምንም አይደለም።

የእርሳስ ነገር ቀልድ አይደለም። ሕጉ ለሠራተኛ የሚፈቅደው በስምንት ሰዓት አማካይ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም ምን ያህል እንደሆነ ማሰብ ራሱ ያስቸግራል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ አይበላም፣ አይጠጣም። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፤ አቧራው ተነስቶ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ያልነደደ ባሩድም ወለሉ ላይ ይጠራቀማል፣ እሳት ያገኘው ቀን ጉድ ነው። ስንጨርስ እጅ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና። ፈረንጆቹ ታጥበው በርገራቸውን በወረቀት ጠቅልለው ይበላሉ። እኛ ሦስት ሀበሾች ግን ከውድድር በኋላ አሌክሳንድሪያ ሄደን ጥብስ ነው የምናዘው። በእጅ። ጉርሻም አለ። እና አንድ ቀን ጓደኛዬ ሊያጎርሰኝ እጁን ሲዘረጋ ጥፍሩ ሥር ያለውን ጥቁር አየሁት። «ሂድ ታጠብ» አልኩት። ተቀየመ። ታጥቦ መጣ። ጫማዬ ቤት አይገባም፤ መኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያድራል። ባለቤቴ ያወጣችው ሕግ ነው፣ ይግባኝ የለውም።

ሦስተኛው ድምፁ ነው። የሽጉጥ ድምፅ ሜዳ ላይ ይበተናል። እዚህ ግድግዳ ለግድግዳ ይላተማል። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ስፖንጅ አድርገን ከላዩ ሌላ እንደርባለን። ያቺ የያዝኳት ሳጥን፣ ታይመሯ፣ ማይክሮፎን አላት። ጢጥ ብላ ታስጀምራለች፤ የመጨረሻውን ተኩስ ሰዓት ትመዘግባለች። ቤት ውስጥ ግን የገደል ማሚቶውንም ተኩስ ነው ብላ ትቆጥራለች። ተኳሹ 18 ተኩሶ ሳጥኗ 19 ካለች፣ የመጨረሻዋ የማን ናት? ስለዚህ ጆሮዋን ዝቅ አድርጌ፣ ከሽጉጡ አጠገብ ይዣት፣ በአፌ ደግሞ እቆጥራለሁ። በአማርኛ ነው የምቆጥረው። ጸሎትና ቁጥር በሌላ ቋንቋ አይሆንልኝም።

ያም ሆኖ ማታ ማታ የሚያስጨንቀኝ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ደቂቃ ነው። ሦስት ሰዓት አለን። ግድግዳና ካርቶን ለማቆም 30 ደቂቃ፣ ለማብራሪያ 15፣ ለማጽዳት 15። 120 ደቂቃ ቀረ። የሚመጣው ሰው 30 ነው። ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ ማለት ነው። በክፍሉ ስፋት ሁለት የተኩስ ዕቅድ ጎን ለጎን እናቆማለን፤ ግን አንዱ እየተኮሰ ሌላው ወደ ፊት ሄዶ ወረቀት መለጠፍ አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቱንም አከታትሎ ይተኩሳል። ከዚያ ሁሉም ወደ ፊት ይሄዳል፣ ነጥብ ይነበባል፣ ቀዳዳ ይለጠፋል። ተኩሱ ራሱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። የቀረው ሁሉ መለጠፍ ነው።

ቁጠሩት። 36 ጥይት በ30 ሰው፣ 1,080 ቀዳዳ። እያንዳንዷ ቀዳዳ ላይ ካርቶኑን የመሰለ ቡናማ ወረቀት ይለጠፋል። አንዷ ሳትለጠፍ ብትቀር ቀጣዩ ተኳሽ የእሱ ያልሆነ ነጥብ ያገኛል፣ ወይም እንደገና ይተኩስ ይባላል፤ አራት ደቂቃ ወደቀ። ወለሉ ላይም 1,080 ቀለህ አለ። ኮንክሪት ላይ ቀለህ የረገጠ ሰው በረዶ የረገጠ ማለት ነው። አንድ ትልቅ ሰውዬ ታይመር ይዞ ወደ ኋላ ሲሸሽ ተንሸራትቶ በመቀመጫው ቁጭ ሲል አይቻለሁ። ታይመሩን ግን አልለቀቀም።

መለጠፍ የማይወድ ሰው አለ። ተራው ሲደርስ ይመጣል፣ ይተኩሳል፣ ውጤቱን ስልኩ ላይ ያያል፣ ከዚያ ጀርባ ሄዶ ያወራል። ደህና ተኳሾች ናቸው አንዳንዶቹ። ስለ ሰው ያለኝን አስተያየት የምወስደው ግን በወረቀቷ ነው።

ሥነ ሥርዓቱን ደግሞ እወደዋለሁ፤ ቅዳሴ ያስታውሰኛል። ቃሉ አይቀየርም። ማንም መሣሪያ ታጥቆ ይመጣል፣ ግን ባዶ ነው፣ ማህደሩ ውስጥ ነው። እኔ «ሜክ ሬዲ» ሳልል አይነካም። ስል ያወጣል፣ ያጎርሳል፣ ይመልሳል። «አር ዩ ሬዲ?» ይነቀንቃል። «ስታንድ ባይ።» ከዚያ ከአንድ እስከ አራት ሰከንድ ዝምታ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ሠላሳ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ጢጥ።

ከዚያ በኋላ እኔ ዒላማውን አላይም። ስንቱ መታ፣ ስንቱ ሳተ፣ አላውቅም። ዓይኔ ሽጉጡ ላይ ነው፤ ጣቱ ላይና አፈሙዙ ላይ። ሲንቀሳቀስ ጣቱ ከቃታው ውጭ ነው? ካዝና ሲቀይርስ? ሰዉን በፊቱ ሳይሆን በጣቱ ማወቅ ጀምሬያለሁ። ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ ተወዳዳሪያችን ሰላም ሲለኝ መጀመሪያ ያወቅሁት ጋሪውን የያዘበትን እጅ ነው።

አንድ ሕግ ከሁሉ በላይ ነው። ጎማው ክምር ፊት ለፊት ቆማችሁ ሁለት እጃችሁን ወደ ጎን ዘርጉ። ከግራ እጅ ጫፍ እስከ ቀኝ እጅ ጫፍ ያለው መስመር ነው። የሽጉጡ አፍ ከዚያ መስመር ወደ ኋላ ካለፈ፣ በኢንችም ቢሆን፣ ጥይት ቢኖረውም ባይኖረውም፣ «ስቶፕ» ይባላል። የዚያ ሰው ምሽት አበቃ። ዲኪው እንለዋለን፤ ከውድድሩ መባረር ማለት ነው። ክርክር የለም፣ «እባክህ» የለም። ሽጉጥ ቢወድቅም እንደዚሁ ነው። የወደቀ ሽጉጥ አይቀለብም፤ ሲቀልቡት ነው ቃታው የሚሳበው። ይውደቅ። የማነሳው እኔ ነኝ።

እኔም ዲኪው ሆኛለሁ። በሁለተኛው ውድድሬ። ካዝናዬ ወለሉ ላይ ወደቀና ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ሽጉጡ አብሮኝ ዞረ። ታይመር የያዘው ሰው ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ቤት ስደርስ ባለቤቴ «ምነው ቶሎ መጣህ?» አለችኝ። «ተባረርኩ» አልኳት። ደስ አላት መሰለኝ።

እሷ ይህን ነገር አትወደውም። ምክንያቷ ደግሞ ደካማ አይደለም። ልጃችን ትምህርት ቤት በዓመት ጥቂት ጊዜ በር ተቆልፎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጥግ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ይለማመዳል፤ ሰው ጠመንጃ ይዞ ቢመጣ ብለው። እኔ በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ሽጉጤን በቁልፍ ሳጥን ይዤ እወጣለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ብዙ አስቤያለሁ። መልስ የለኝም። ሳጥኑ ግን ሁልጊዜ ተቆልፎ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ።

ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው። ለእኔም ለሰፈሩ ሀበሻ ሁሉም ጋሼ ናቸው። ወጣት ሳሉ ወታደር ነበሩ። ያኔ ስለነበረው ነገር ብዙ አያወሩም፤ ካወሩም ስለ ጓደኞቻቸው ነው። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ ስለ ውድድሩ ሳወራ ጸጥ ብለው ሰሙኝና «አየህ፣ እኛ አምስት ጥይት ተሰጥቶን አምስቱንም ቆጥረን ነበር የምንመልሰው፤ የመታነውንም የሳትነውንም» አሉ። በሚቀጥለው ወር ይዣቸው ሄድኩ። ሦስት ምሽት ተኮሱ። ቀስ ብለው፣ ግን ሁሉም መሃል። ፈረንጆቹ ወደዷቸው። ሲለጥፉ ደግሞ ብታዩ! ወረቀቷን በአውራ ጣታቸው እየዳመጡ፣ እንደ ፖስታ ቴምብር።

በአራተኛው ምሽት ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ኮርቼበትም ነበር። ቀኝ ጥግ ላይ ይጀመራል፣ አራት ካርቶን ይመታል፣ ከዚያ ወደ ግራ ጥግ ተሂዶ የቀሩት። በመሃል ካዝና መቀየር አይቀርም። ሲባጎዬን ዘርግቻለሁ፣ ሁሉም ጎማው ላይ ያርፋል። ያልለካሁት አንድ ነገር የሰውን አንጓ ነው።

ቁሙና ሞክሩት። ቀኝ እጃችሁ ሽጉጥ የያዘ ይመስል ዘርጉት። አሁን ግራ እጃችሁ ካዝና ሊያስገባ ይምጣ። የቀኝ እጃችሁ አንጓ ትንሽ ወደ ግራ ይታጠፋል አይደል? ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ችግር የለውም። ወደ ቀኝ ለሚሄድ ሰው እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ግራው በኩል ያለው ዒላማው ነው። ወደ ግራ ለሚሄድ ሰው ግን ግራው በኩል ያለው ከኋላ የቆመው ሕዝብ ነው።

ጋሼ አራቱን መቱ። ወደ ግራ ዞሩ፣ አካሄዳቸው የወታደር ነው፣ ሰውነታቸው በሙሉ ነው የሚዞረው። ባዶው ካዝና ወደቀ። ግራ እጃቸው ወደ ቀበቷቸው ሄደ። አፈሙዙ መዞር ጀመረ። አየሁት፤ ጎማውን ለቀቀ፣ የጎን ግድግዳውን አየ፣ ግድግዳውን አለፈ።

ማለት የነበረብኝ «ስቶፕ» ነው። አንድ ሺህ ጊዜ የተለማመድኩት ቃል ነው። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቁም!»

አሥር ዓመት እርስዎ እያልኩ የኖርኩትን ሰው። በር ላይ ሲመጡ የምነሳላቸውን ሰው። «ይቁሙ» አላልኩም፣ «ጋሼ» አላልኩም። ቁም።

ቆሙ። እንዴት እንደቆሙ ልነግራችሁ አልችልም። አንድ እግራቸው አየር ላይ እንደነበረ የቀሩ መሰለኝ። ጣታቸው ከቃታው ውጭ ነበር፣ ልክ በቦታው። አጠገባቸው ደረስኩና አፈሙዙን በቃል ወደ ጎማው አስመለስኳቸው። አወጡ፣ ባዶ መሆኑን አሳዩኝ፣ ወደ ማህደሩ መለሱ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። የእኔ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

«ምን አጠፋሁ?» አሉኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው።

ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ከዚህ በኋላ አልተኩስም ማለት ነው?» «ዛሬ ነው ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ ነው።» እንደገና ነቀነቁ፤ ሽጉጣቸውን ሳጥኑ ውስጥ ቆለፉ። ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። በምን ይሄዳሉ? ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። እስከ 4 ሰዓት ቆመው የሰው ቀዳዳ ሲለጥፉ አመሹ።

መንገዱ 35 ደቂቃ ነው። ሬዲዮ አልከፈትኩም። ሁለት ጊዜ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ለየትኛው ነው ይቅርታው? ስላስቆምኳቸው አይደለም፤ ትክክል ነበርኩ፤ ዛሬም እንደዚያው አደርጋለሁ። ስለ ቃሉ ነው? ወይስ ስለ ዕቅዱ? ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ቀበቶውን ፈቱና ትንሽ ቁጭ አሉ።

«እንዲህ ያለ ‹ቁም› የሰማሁት ታጠቅ ጦር ሰፈር ነው፣ በ69 ዓ.ም.» አሉ። «አሥር አለቃችን። ነፍሱን ይማረው፣ ድምፁ እንዳንተ ቀጭን ነበር።»

ወርደው ገቡ። በቀጣዩ ወር አልመጡም። እሷን ወር ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ቆጠርኳት።

ዕቅድ ማውጣቱን ግን ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ወደ ግራ እየሄዱ ካዝና የሚያስቀይር ነገር አላወጣም። ከግራ ጀምረው ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ሁለት ግራኝ ተወዳዳሪዎች አሉን፤ ለነሱ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። አንደኛው «አሁን የእኔ ተራ ነው?» አለኝ፣ እውነቱን ነው። ስለዚህ መሃል ላይ አንድ ማቆሚያ ጨመርኩ፤ ቆመው የሚተኩሱት ካርቶን አለ፣ አብዛኛው ሰው ካዝናውን እዚያው ቆሞ ይቀይራል። ደንቡ ይህን ቦታ ምረጡ ብሎ ማስገደድ አይፈቅድልኝም። ሰው ግን ምቹ ቦታ ሲያገኝ ራሱ ይመርጣል። ማብራሪያ ስሰጥም አዲስ ሰው ካለ አንጓውን አሳየዋለሁ፣ በባዶ እጄ። ሠላሳ ሰው ባዶ እጁን ዘርግቶ አንጓውን ሲያጥፍ ሲታይ እስክስታ ልምምድ ይመስላል።

«ቁም»ም ቀረ ብላችሁ እንዳታስቡ። ያን ማታ ከኋላ የነበሩት ፈረንጆች ቃሉን ይዘውታል። ቁ አትወጣላቸውም። አንዱ ቡና ማሽኑ ጋ ሰልፍ ያልጠበቀ ሰው ሲያይ «ኩም!» ይላል።

በሁለተኛው ወር ጋሼ ስልክ ደወሉ። «ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምትወስደኝ?» ሰላምታ እንኳ የለውም።

የዚያን ዕለት 22ኛ ተኳሽ ነበሩ። ሳጥኔን ይዤ ቀኝ ክንዳቸው አጠገብ ቆምኩ። «ሜክ ሬዲ» አልኩ። አጎረሱ፣ መለሱ። «አር ዩ ሬዲ?» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና፣ ሳይዞሩ፣ «ቁም ካልክ እቆማለሁ» አሉ በአማርኛ። ሳቄን ዋጥኩት። ስታንድ ባይ። ጢጥ።

ከግራ ጀመሩ። መሃል ላይ ቆሙ፤ ካዝናውን ዓይናቸው እያየው፣ አፈሙዙ ጎማው ላይ ተተክሎ፣ ቀስ አድርገው ቀየሩ። ውጭ ሰው ሰዓቱን ያያል፤ እኔ ጣታቸውን ነው የማየው። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። ባዶ መሆኑን አሳዩኝ፣ ወደ ማህደሩ መለሱ። ክፍሉ ተለቀቀ አልኩ፣ ሰዉ ወረቀቱን ይዞ ወደ ፊት ሄደ።

ሳጥኗ 41 ሰከንድ ትላለች። ነጥቡ 90 ከ90። ተካፍሎ 2.20። ከ30 ሰው 24ኛ ወጡ።

«ሁሉም መሃል ነው?» አሉኝ።

«ሁሉም መሃል ነው ጋሼ።»

«በቃ፣ ሰዓቱን ለራሳችሁ ያዙት» አሉና የሚለጠፈውን ወረቀት ከእጄ ወሰዱ።